«ስዊድንስ?» ሶሻሊዝምንና ነፃ ገበያን በሀገር ማወዳደር ይቻላል?

ጠያቂው

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስንገናኝ ጨዋታችን ሁልጊዜ እዚሁ ጉዳይ ላይ ይደርሳል። እኔ ነፃ ገበያ ይሻላል እላለሁ፣ እሱ ሶሻሊዝም። ሰሜን ኮሪያን ስጠራበት «ስዊድንስ?» ይለኛል። ቬኔዙዌላ ስለው ማዕቀብ ነው ይላል። የሶቭየትን ወረፋ ሳነሳ መጀመሪያ ጠፈር የወጣውን ጋጋሪንን ያነሳል። በመጨረሻ ሁለታችንም የተመቸንን ሀገር ይዘን፣ የተመቸንን ዓመት መርጠን፣ ምንም ሳንግባባ እንለያያለን።

ጥያቄዬ «የቱ ይሻላል?» አይደለም። እሱን ብጠይቅ ስድብ እንደሚከተል አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩት ማወዳደሪያውን ነው። ሁለት ሀገር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይኼ ከሥርዓቱ የመጣ ነው፣ ይኼኛው ግን ከጦርነት ወይ ከነዳጅ» ማለት ይቻላል? ከተቻለ የትኞቹን ነው የምናየው? ደግሞስ በምን እንለካ? በነፍስ ወከፍ ገቢ? በዕድሜ? ሰው ከየት ወደ የት እንደሚሰደድ በማየት?

የኢኮኖሚክስ ተማሪ አይደለሁም፣ ቀለል አድርጋችሁ። ዓመቶቹንም በአውሮፓ አቆጣጠር ጻፉልኝ፤ አለዚያ እምታታለሁ።

ቁጥር ይናገር

ይቻላል፤ ግን ጥንዱን መምረጥ አለብህ። ስዊድንን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ብታወዳድር ምንም አታገኝም። መነሻቸው አይገናኝም። ጥሩ ጥንድ ማለት አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋና አንድ ታሪክ ኖሮ መሃሉ ላይ ድንገት ድንበር ሲሰመርበት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ብዙ የለም። ጀርመንና ኮሪያ ግን አሉ።

ጀርመን በ1949 ሁለት መንግሥት ሆነች። ምሥራቁ ከጦርነቱ በፊት ኋላ ቀር አልነበረም፤ ሳክሶኒ ለምሳሌ በኢንዱስትሪ ከታወቁት አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ምዕራቡ በ1948 አዲስ ገንዘብ አወጣ፤ የኢኮኖሚ ኃላፊው ሉድቪግ ኤርሃርድም የብዙ ዕቃዎችን የዋጋ ተመን አነሳ። ምሥራቁ በዕዝ ኢኮኖሚ፣ ማለትም ምን ይመረት በስንት ይሸጥ የሚለውን መንግሥት በሚወስንበት፣ ቀጠለ። በ1990 ሲዋሐዱ አንድ የምሥራቅ ሠራተኛ የሚያመርተው የምዕራቡን አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው ተብሎ ተገመተ።

ቁጥሩን ተወውና ትራባንትን እይ። መኪና ናት። አካሏ ብረት አይደለም፤ የጥጥ ተረፈ ምርት ከሙጫ ጋር ተጨምቆ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ሞተሯ እንደ ድሮ ሞተር ሳይክል ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ ያቃጥላል። ብዙዎቹ የነዳጅ ጌጅ እንኳ የላቸውም፤ ኮፈኑን ከፍተህ ታንኩ ውስጥ ዘንግ ሰደድ አድርገህ ነው የምትለካው። ከ1957 እስከ 1991 ይህን ያህል ሳትለወጥ ተሠራች። ይህችን መኪና ለማግኘት ተመዝግበህ ከ10 ዓመት በላይ ትጠብቃለህ።

አሁን ጉዱን ስማ። ያገለገለችው ትራባንት ከአዲሷ ትወደድ ነበር! የአዲሷን ዋጋ መንግሥት ቆርጦታል፤ ግን የለችም። ያገለገለችው ዛሬውኑ እጅህ ትገባለች። ስለዚህ ሰው በአሮጌ መኪና ላይ ጨምሮ የሚከፍለው የወረፋውን ዋጋ ነው። መንግሥት ዋጋውን ዝቅ አደረግኩት ይላል፣ ዋጋው ግን ዞሮ በዓመት ተቆጥሮ ይመጣል። የነፍስ ወከፍ ገቢ ሠንጠረዥ ላይ ይኼን አታገኘውም፤ ለዚህ ነው በገቢ ብቻ አትለካ የምልህ።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ከጦርነቱ በኋላ ሶቭየቶች ከምሥራቁ ፋብሪካዎችን እየነቀሉ፣ የባቡር ሐዲድ ሳይቀር፣ በካሳ መልክ ወስደዋል። ምዕራቡ ደግሞ ማርሻል ፕላን የሚባለውን የአሜሪካ ዕርዳታ አግኝቷል። ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ በሥርዓቱ አታሳብ። ግን ያ የ1940ዎቹ ጉዳት ነው። በ1980ዎቹ ትራባንት ያችው ትራባንት ሆና መቅረቷን አያስረዳልህም።

ኮሪያ ይብሳል። በ1945 ስትከፈል ከባድ ኢንዱስትሪውና የኃይል ማመንጫው በብዛት የሰሜኑ ነበር፣ ደቡቡ የገበሬ ሀገር ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሰሜኑ ከደቡቡ አያንስም ነበር። ዛሬ የደቡቡ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን የሰሜኑ በግምት የዚያን አንድ ሃያኛ እንኳ አይሞላም። ለጓደኛህ እሱን ንገረው።

አቋራጭ

ምን ይኼን ሁሉ ያስጽፋችኋል። የበርሊን ግንብ በ1961 የተገነባው ሰው እንዳይገባ ነው ወይስ እንዳይወጣ? ከዚያ በፊት ወደ 3 ሚሊዮን ሕዝብ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሄዷል። በቃ፣ ተለካ።

ሩቅ ተመልካች

አቋራጭ፣ ቀሽም አይደለም መለኪያህ፤ ግን ሰው ከብዙ የገበያ ሀገርም ይሰደዳል። ሥርዓቱን ሸሽቶ የወጣውንና የተሻለ ደሞዝ ፍለጋ የሄደውን መለየት አለብህ።

ቁጥር ይናገር፣ ጀርመንን ተቀብያለሁ። ኮሪያ ላይ ግን በጣም አቅልለኸዋል ወንድሜ። ደቡብ ኮሪያን «ነፃ ገበያ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ቀድሞ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ባንኮቹን በመንግሥት እጅ ማስገባት ነበር። በ1962 የአምስት ዓመት ዕቅድ ጀመረ። አዎ፣ የአምስት ዓመት ዕቅድ! ብድር ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው መንግሥት ነው። ፖስኮ የሚባለው ግዙፉ የብረት ኩባንያ በ1968 ሲቋቋም የመንግሥት ነበር። ከዚያ በፊትም መሬት ለአራሹ ተከፋፍሏል።

ታዲያ ከሰሜኑ በምን ተለየ? እኔ እንደሚገባኝ በአንድ ነገር። የደቡቡ መንግሥት ርካሽ ብድር ሰጥቶህ «ወደ ውጭ ላክ» ይልሃል። የውጭ ገዢ ደግሞ የሀገርህ ካድሬ አይደለም። የአፈጻጸም ሪፖርትህን አያነብልህም፣ መፈክር አይገባውም፣ ዕቃው ካላማረው ጥሎት ይሄዳል። ያልተሸጠለት ድርጅት ብድሩ ይደርቅበታል። ሰሜኑ ላይ ግን ኮታ ሞላሁ ያለ ሁሉ ሞላ። ስህተቱን የሚያጋልጥበት ማንም የለም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ «ባለቤቱ መንግሥት ነው ወይስ ግለሰብ?» ከማለት በፊት «ሲሳሳት ኪሳራውን ማን ይውጣል?» በል። ብዙው ነገር በዚህ ይፈታል።

ቻይናን በዚህ ዓይን እያት። ማኦ በ1958 ምርትን በአንዴ ለማሳደግ በጀመረው «ታላቁ ወደፊት ዝላይ» በተባለው ዘመቻ የየአካባቢው ሹም ከላይ የሚወደደውን እያየ የእህሉን ምርት አጋነነ። መንግሥት ድርሻውን የወሰደው በተጋነነው ሪፖርት ልክ ነው። ጎተራው ባዶ ቀረ። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ቁጥሩን ያጋነነው ሹም ሲሾም፣ ስህተቱን በነፍሱ የከፈለው ገበሬው ነው።

ከዚያ በ1978 መገባደጃ አንሁዊ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ ሺያኦጋንግ በምትባል መንደር፣ 18 ገበሬዎች በሌሊት ተሰብስበው አንድ ወረቀት ላይ የጣት አሻራቸውን አሳረፉ። የጋራ መሬቱን በየቤተሰቡ ሊከፋፈሉ ነው። እያንዳንዱ ለመንግሥት የሚገባውን ኮታ ይሰጣል፣ የተረፈው የራሱ ነው። ይኼ ያኔ ያሳስራል፣ ምናልባትም ያስገድላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ፦ ከመካከላችን የታሰረ ወይ የተገደለ ካለ ልጆቹን 18 ዓመት እስኪሞላቸው ሌሎቻችን እናሳድጋለን። ወረቀቱን ጣሪያ ውስጥ ሸሸጉት። በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ በብዙ ሲጨምር ነገሩ ታወቀ፤ የሀገሪቱ መሪ ዴንግ ሺያኦፒንግም ከመቅጣት ይልቅ መንገዱን ለሌላው ፈቀደ። እዩት እንግዲህ፦ መሬቱ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። የመሬቱ ባለቤትነትም ወደ ግል አልዞረም፤ የቻይና የገጠር መሬት ዛሬም በሕግ የጋራ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ፣ የሰነፈም የተጋም የእጁን ማግኘቱ።

የዓለም ባንክ እንደሚለው ከዚያ በኋላ በነበሩት 40 ዓመታት ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከከፋ ድህነት ወጥቷል። ይኼ ግን ለ«ነፃ ገበያ» ብቻ የሚጻፍ ድል አይደለም። በማኦ ዘመን ያ ሁሉ እልቂት እያለ ማንበብና መሠረታዊ ጤና ከህንድ ቀድሞ ተስፋፍቶ ነበር። በኋላ ፋብሪካ ሲከፈት የሚገባው ሠራተኛ ጤነኛ ነው፣ ማንበብም ይችላል። ህንድ በ1991 ገበያዋን ስትከፍት ይኼን ያህል አልተዘጋጀችም ነበር።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ። የትራባንቷን ነገር ለጓደኛዬ አነበብኩለት፣ ሳቀ። የገበሬዎቹን ሳነብለት ግን ዝም አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ስዊድንስ?»

ኩባንም ጨመረ። ሐኪም ለዓለም የምትልክ ድሃ ሀገር የት አለች ይላል።

ቁጥር ይናገር

ስዊድን ሶሻሊስት አይደለችም፤ ግብሯ ከፍተኛ የሆነ የገበያ ሀገር ናት። በ2015 የጎረቤቷ የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትር ላርስ ሎኬ ራስሙሰን አሜሪካ ሄዶ እኛ ከዕዝ ኢኮኖሚ የራቅን የገበያ ኢኮኖሚ ነን ብሎ ማስተባበል ነበረበት። ስዊድን በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደሞዝ የላትም፤ ማኅበራቱና አሠሪዎቹ ራሳቸው ይስማማሉ። የውርስ ግብርንም ከ20 ዓመት በፊት ሰርዛለች።

አንድ ጊዜ ወደ ሶሻሊዝም ጠጋ ለማለት ሞክራለች፣ እውነት ነው። በ1980ዎቹ ከኩባንያዎች ትርፍ እየተቀነሰ በሠራተኛ ማኅበራት ለሚመሩ ፈንዶች አክሲዮን ይገዛ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ሦስት ዓመት የፈጀ ከባድ ቀውስ መጣ፤ በ1990ዎቹ ጡረታውንም ትምህርቱንም አሻሻሉ።

ሩቅ ተመልካች «ኪሳራውን ማን ይውጣል?» ላለው ግን ስዊድን ጥሩ ማሳያ ናት። ሳብ የሚባለው የመኪና ኩባንያ ሲንገዳገድ መንግሥት የመኪና ፋብሪካ አልገዛም ብሎ ቆመ። በ2011 ኩባንያው ከሰረ። ሠራተኛው ግን ሜዳ ላይ አልወደቀም፤ የሥራ አጥ መድኅን አለው፣ ሕክምናው ከአሠሪው ጋር የታሰረ አይደለም። ኩባንያው ይሞታል፣ ሰውየው ይተርፋል። ብዙ ሶሻሊስት ሀገሮች ያደረጉት ግልባጩን ነው።

ሰሚ ያጣች

ቁጥር ይናገር፣ ስለ ገበያ ስታወራ የራስህን ወገን ገመና ትሸፍናለህ ልበል? ሩሲያን የት ጣልካት?

በጥር 1992 ዋጋ ከመንግሥት ተመን በአንድ ጊዜ ተለቀቀ። በዚያ ዓመት ግሽበቱ ከ2,000 በመቶ አለፈ፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ባንክ ያጠራቀመው ሩብል ወረቀት ሆኖ ቀረ። ከ1991 እስከ 1998 የሀገሪቱ ምርት 40 በመቶ ገደማ ወረደ። ሠራተኛው ለወራት ደሞዝ ሳያይ ይሠራል። በ1994 የወንዱ አማካይ ዕድሜ ከ58 ዓመት በታች ሆነ፤ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ወደ 64 ይጠጋ ነበር። በ1995 ደግሞ መንግሥት ገንዘብ ሲቸግረው የነዳጅና የኒኬል ኩባንያዎችን አክሲዮን መያዣ አድርጎ ከጥቂት ባንኮች ተበደረ። አልከፈለም። ጨረታ ወጣ። ጨረታውን ያዘጋጁት እነማን ናቸው? እነዚያው ባንኮች። ማን አሸነፈ? ገምት።

ይኼም በመጽሐፉ «ገበያ» ይባላል።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ፖላንድንም ልጥቀስ። እሷም በጥር 1990 በአንድ ጊዜ ነው ዋጋ የለቀቀችው፤ በዚያ ወር ብቻ ዋጋ 80 በመቶ ገደማ ጨመረ። ሥራ አጥነቱም ገሃነም ነበር። ግን በ1996 ከ1989 ደረጃዋ አለፈች፤ ከ1992 እስከ 2019 ኢኮኖሚዋ አንድ ዓመት እንኳ አልቀነሰም። የሚገርመው ትልልቆቹን ፋብሪካዎች ለመሸጥ አልቸኮለችም። መጀመሪያ ድጎማቸውን ቆረጠች። የመንግሥት እንደሆኑ ራሳቸውን መቻል ግዴታቸው ሆነ። ሩሲያ በተቃራኒው ቶሎ ሸጠች፣ ግን የተሸጠውም ኩባንያ ግብር ሳይከፍል፣ ዕዳውን እያንከባለለ በመንግሥት ጫንቃ ይኖር ነበር። እዚህ ላይ ሩቅ ተመልካች ልክ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለው ባለቤት መለወጡ ብቻውን ምንም አልፈየደም።

ቺሊም ትነሳልኛለች። የወታደራዊ ገዢው የፒኖቼት ኢኮኖሚስቶች ገበያውን ልቅ ለቀቁት፣ በ1982 ኢኮኖሚው ከ13 በመቶ በላይ ተንኮታኮተ፣ በ1983 መንግሥት ትልልቆቹን ባንኮች ተረከበ። ትርፉ የግል፣ ኪሳራው የሕዝብ! ኮዴልኮ የሚባለውን የመዳብ ኩባንያ ደግሞ ያ ሁሉ የገበያ ፍቅር እያለ ፒኖቼት ራሱ አልሸጠውም።

ቬኔዙዌላና ኖርዌይ ላይ ልጨርስ፤ ይኼን ጥንድ ማንም አላነሳውም። ሁለቱም ነዳጅ አላቸው፣ በሁለቱም ትልቁ የነዳጅ ኩባንያ በመንግሥት እጅ ነው። ኖርዌይ በ1990 ፈንድ አቋቁማ ገቢውን ውጭ ሀገር ታስቀምጣለች፣ ከዓመት ወደ ዓመት የምታወጣው በልክ ነው። ቬኔዙዌላ ከ2002ቱ የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ከነዳጅ ኩባንያዋ ወደ 18 ሺህ ሠራተኛ አባረረች፤ ሙያተኛው ሄደ። በ2003 የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥር መጣ። በመንግሥት ተመን ዶላር የሚያገኝ ባለሟል ጥቁር ገበያ ላይ ብቻ በመሸጥ ሀብታም ይሆናል፤ ምንም ማምረት አያስፈልገውም። በ2014 የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ የተቀመጠ ገንዘብ የለም። የአሜሪካ ከባዱ ማዕቀብ የመጣው በ2017 እና በ2019 ነው፤ አባብሶታል፣ ግን ሱቆቹ ከዚያ በፊት ባዶ ነበሩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው፤ በዓለም ትልቁን የነዳጅ ክምችት ይዛ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ጥሏት ወጣ።

ኩባን በተመለከተ ጓደኛህ ግማሽ እውነት አለው። የኩባ አማካይ ዕድሜ ለዓመታት ከአሜሪካ ጋር ተቀራራቢ ነበር፤ በዚያ ገቢ ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ከ1959 በፊትም በላቲን አሜሪካ በጤና ከተሻሉት አንዷ ነበረች። የሶቭየት ድጎማ ሲቆም በሦስት ዓመት ውስጥ ሲሶ ያህል ምርቷን አጣች። ማዕቀቡ ከ1962 ጀምሮ አለ፣ እሱን መካድ አይቻልም። ከ2021 መጨረሻ እስከ 2023 መጨረሻ ደግሞ፣ በራሷ መንግሥት ቆጠራ፣ የሕዝቧ ቁጥር በ1 ሚሊዮን ገደማ ቀንሷል። ሐኪሞቹም ከወጡት መካከል አሉ።

አቋራጭ

እኔም እኮ ያልኩት ይኼንኑ ነው፣ ባጭሩ።

ጠያቂው

ሁሉንም ልኬለታለሁ። ስዊድንን ተወ! እውነት እላችኋለሁ፣ ተወ። ግን ማታ ላይ ሌላ መልእክት ላከልኝ። «እሺ፣ ሲንጋፖርስ?» ይላል። መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የመንግሥት፣ አየር መንገዱ የመንግሥት፤ እናንተ ግን በነፃ ገበያ አንደኛ እያላችሁ ትሸልሟታላችሁ አለኝ። ጠፋብኝ። እኔ ሁሌ በምሳሌነት የምጠራት ሀገር ናት።

ሩቅ ተመልካች

እዚህ ላይ ይዞሃል፣ እመንለት። ከመሬቱ 90 በመቶ ገደማ የመንግሥት ነው። ከነዋሪው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው በ1960 የተቋቋመው የቤቶች ቦርድ በሠራቸው ሕንፃዎች ውስጥ ይኖራል። ሠራተኛው ከደሞዙ በግዴታ ይቆጥባል፣ ቤቱን የሚከፍለውም በአብዛኛው ከዚያው ቁጠባ ነው። በአየር መንገዱ ትልቁ ባለድርሻ ተማሴክ የሚባለው የመንግሥት ኩባንያ ነው።

በሌላ በኩል ወደቡ ለዓለም ክፍት ነው፣ ግብሩ ዝቅተኛ ነው፣ ንግድ ለመክፈት ማንም ደጅ አይጠናም። አየር መንገዱንም የሀገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ ገና ሲመሠረት ለክብር ሳይሆን ለትርፍ ነው የምትበሩት ብሎ አስጠንቅቆታል። የሀገር ውስጥ በረራ የሌላት ትንሽ ደሴት ስለሆነች ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሌሎች አየር መንገዶች ጋር ተጋፍቶ ነው የሚኖረው። መንግሥት ባለቤት ነው፣ ግን ተሳፋሪውን በግድ ሊያመጣለት አይችልም።

ለጓደኛህ «ልክ ነህ፣ መንግሥት ብዙ ነገር ይዟል» በለውና ስለ ቤቶቹ አንድ ነገር ጠይቀው። ሰዎቹ «ገዛን» ይላሉ እንጂ የያዙት የ99 ዓመት ሊዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከ2060ዎቹ ጀምሮ ያበቃሉ፣ ቤቱም ለመንግሥት ይመለሳል። ሊዙ እያጠረ ሲሄድ የቤቱ ዋጋ ይወርዳል፤ የጡረታ ቁጠባውን ቤቱ ውስጥ ያፈሰሰ ሰው ብዙ ነው። ያኔ ኪሳራውን መንግሥት ይውጠው ወይስ ባለቤቱ፣ እዚያው ሲንጋፖር ውስጥ ገና ይከራከሩበታል።

ጠያቂው

ነገ እንገናኛለን። በዚሁ እጀምርለታለሁ።